ሳንቲም ስንት ፊት አለው?

ውድ ታዳሚዎች፣ ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ አንድ ሳንቲም እጅ በእጅ እንዲዞር ሰጥቻለሁ። አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደርሷል። እስካሁን እዚህ ቆሜ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ሳንቲሙ የደረሰው ሰው ሁሉ ሁለቱን ፊቶች በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አጣብቆ ይይዘዋል፤ የሴትዮዋን መልክ ያያል፤ ገልብጦ ሁለት ራስ ያለውን ንስር ያያል፤ ከዚያም ለጎረቤቱ ያቀብላል። ሁለት ሰዎች እንዲያውም ጠራ እንዲልላቸው በጣታቸው አሸት አሸት አድርገውታል። ጠርዙን ያየ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም።

አትሳቀቁ። ሳንቲሙ ከዚህ በላይ የሚበላሽበት ነገር አልቀረውም፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አላዞረውም ነበር። ማን እንዳበላሸው ቆየት ብዬ እናዘዛለሁ።

ዕጣ ስናወጣ "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" እንባባላለን። ሦስተኛ ምርጫ አንሰጥም። ሰብሳቢ ግን ሦስት ይቆጥራል፤ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን። "ሳንቲም መሰብሰብ እፈልጋለሁ፤ ምን ልግዛ?" የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምንም እንዳይገዙ እመክራቸዋለሁ። ለአንድ ወር ያህል ኪሳቸው ውስጥ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሳንቲሞች ሦስቱንም ፊት እያዩ ይቆዩ። ይህን ስል ቅር የሚሰኙ አሉ፤ ተመልሰው የማይመጡም አሉ። ከወር በኋላ የሚመጡት ግን ጥያቄያቸው ተለውጦ ነው የሚመጡት። "ምን ልግዛ?" ማለታቸው ይቀርና "ይህ ሳንቲም ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ ስገለብጠው ጀርባው ለምን ተዘቅዝቆ ይወጣል?" ይላሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ጀምሯል ማለት ነው። መልሱን ከፈለጋችሁ፣ አንዳንድ አገሮች የሳንቲሙን ፊትና ጀርባ የሚመቱባቸውን ሁለት ማኅተሞች ራስና ግርጌ አዘዋውረው ይገጥሟቸዋል፤ የአሜሪካ ሳንቲሞች እንደዚያ ናቸው። የዩሮ ሳንቲሞች ደግሞ ወደ ጎን ስትገለብጧቸው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከሁለቱም ውጭ ተጣምሞ የወጣ ካገኛችሁ ማኅተሙ ሲገጠም ዞሮ ነበርና ለብቻው አስቀምጡት።

እስቲ ወደሚዞረው ሳንቲም እንመለስ። ማርያ ትሬዛ ብር ነው፤ ጠገራ የምንለው። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ የብር ማዕድን፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው። ጀርባው ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፏል። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ቅድም ከሁለተኛው ረድፍ "ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ!" የሚል የአድናቆት ድምፅ ሰምቻለሁ። ላሳዝናችሁ ነው፤ ይህ ሳንቲም ከአያቴ ዕድሜ አይበልጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦስትሪያን ትገዛ የነበረችው ንግሥት ማርያ ትሬዛ በ1780 መጨረሻ ላይ አረፈች። ሳንቲሟ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያና በዐረብ ምድር ገበያዎች ሥር ሰድዶ ነበር። ነጋዴው መልኳን ለምዷል፤ ሌላ መልክ ያለበትን ሳንቲም ሲያቀርቡለት ዐይኑን ጨፍኖ የሚቀበል አይደለም። የቪየናው ሳንቲም ማምረቻም ገበያውን ላለማጣት ንግሥቲቱን በሞተችበት ዓመት ላይ አቁሞ ሳንቲሙን መምታቱን ቀጠለ። በ1935 ኢጣሊያ የማኅተሞቹን መብት ከኦስትሪያ ወሰደች። ሳንቲሙ ያስፈልጋቸው የነበሩት እንግሊዞች በተከታዩ ዓመት ለንደን ላይ ራሳቸው መምታት ጀመሩ። ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይም በየተራቸው መትተውታል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። የተመታበት ከተማ የትም ይሁን፣ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ሰብሳቢዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ሉሎች፣ በንስሩ ጅራት ላባዎች አደራደርና በፊደላቱ ቅርጽ ነው። ዓመቱን ሕፃን ልጅም ያነበዋል፤ ላባ መቁጠር ግን ጊዜና አጉሊ መነጽር ይጠይቃል።

ዓመት ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ ዝነኛ ከሚባሉት አንዱ የ1804 የብር ዶላር ነው። በዓለም ላይ የታወቁት በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ መካከል በ1804 የተመታ አንድም የለም፤ የመጀመሪያዎቹ የተመቱት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ለሩቅ አገር ገዢዎች በሚሰጥ ስጦታ ውስጥ እንዲገቡ ነው። በተቃራኒው የዩሮ ሳንቲም ሰዎች እጅ የገባው ጥር 1 ቀን 2002 ሆኖ ሳለ፣ 1999 የሚል ዓመት ያለባቸው የፈረንሳይና የቤልጂግ ሳንቲሞች በብዛት ታገኛላችሁ። ቀድመው ተመትተው መጋዘን ውስጥ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ዓመቱ እውነት ሲናገርም ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል። የታይላንድ ሳንቲም ላይ 2530 የሚል ብታነቡ ከወደፊቱ ዘመን የመጣ አይደለም፤ በቡድሃ አቆጣጠር ነውና 543 ስትቀንሱ 1987 ይሆናል። በሂጅራ 1400 የተባለው ከ1979 መጨረሻ እስከ 1980 ያለው ጊዜ ነው። የጃፓን ሳንቲም ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ስም ይጽፍና "አንደኛ ዓመት"፣ "ሁለተኛ ዓመት" እያለ ይቆጥራል፤ የሄይሴይ ዘመን አንደኛ ዓመት 1989 ነው። አንድ ሰው ያልገባውን ፊደል ወረቀት ላይ ገልብጦ እስኪያነበው ድረስ ሲታገል ማየት ደስ ይለኛል። በበኩሌ የዐረብኛ ቁጥሮችን የተማርኩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሳንቲም ነው።

አሁን ያላያችሁት ፊት ላይ ደርሰናል። ሳንቲሙ እጁ ላይ ያለ ሰው በጠርዙ ይዞ ወደ ብርሃን ያዙረው። በላቲን የተጻፈ ነገር ያገኛል፦ "ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ"፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነበር። ማንም በማያየው ቦታ ላይ ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ?

የሳንቲም ዋጋ ብረቱ ራሱ በነበረበት ዘመን ሰዎች ጠርዙን በመቀስ ይከረክሙት ነበር። ከአንዱ ሳንቲም ትንሽ፣ ከሌላውም ትንሽ፤ ሳንቲሞቹ በሙሉ ዋጋቸው ይወጣሉ፣ ክርክሙ ቀልጦ ይሸጣል። በእጅ መዶሻ የተመታ ሳንቲም ክቡ ድሮም የተስተካከለ ስላልሆነ ማን እንደከረከመው አይታወቅም። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ ነገሩ ከመጠን በማለፉ፣ በ1696 አሮጌው የብር ገንዘብ ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና እንዲመታ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ወደ ማምረቻው በኃላፊነት የመጣው ሰው አይዛክ ኒውተን ነው፤ የስበት ሕጉ ኒውተን። ሳንቲም መከርከምና ማስመሰል በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበርና ኒውተን አስመሳዮችን እያሳደደ ለፍርድ አቅርቧል። ቅጣቱ ያላቆመውን ግን ጠርዙ አቆመው። በመኪና የተመቱት ትላልቅ አዳዲስ ሳንቲሞች ጠርዛቸው ላይ "ዴኩስ ኤት ቱታመን" የሚል ጽሑፍ ነበራቸው፤ "ጌጥና መከታ" እንደማለት ነው። የተከረከመ ሳንቲም ጽሑፉ ስለሚጎድል ወዲያው ያሳብቃል። በየሳንቲማችን ጠርዝ ላይ ያሉት የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ዛሬ ኒኬል የሚከረክም ሌባ የለም፤ መስመሮቹ ግን እንደቆዩ ናቸው፤ ማየት የተሳነውም ሰው ሳንቲሞችን በጣቱ ይለይባቸዋል።

ሳንቲም ሲመታ ሦስቱ ፊቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወለዱት በአንድ ቅጽበት ነው። ልሙጡ ክብ ብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል፤ ከላይና ከታች ያሉት ማኅተሞች በብዙ ቶን ኃይል ይገናኛሉ፤ ብረቱ መሄጃ ሲያጣ እንደ ሊጥ ወደ ጎን ይፈስና የቀለበቱን ቅርጽ ይይዛል። አስመሳይ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ መኪና የለውም። ከእውነተኛው ሳንቲም ላይ የፊትና የጀርባ ቅርጽ ወስዶ ብረት አቅልጦ ያፈስበታል። ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት ቦታ ላይ፣ ጠርዙ ዙሪያውን፣ ቀጭን ስፌት ይቀራል። በሞረድ ካስተካከለው ደግሞ የሞረዱ ጭረት ይቀራል። ፊቱ ላይ ያለችው ንግሥት የቱንም ያህል ብታምር ጠርዙ ይናገርባታል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሳንቲም ሲሰጡት መጀመሪያ በጠርዙ ይዞ አዙሮ የሚያየው። ይህን ልማድ ዛሬ ማታ በኪሳችሁ ሳንቲም መጀመር ትችላላችሁ፤ ምንም ወጪ የለውም።

ከኪስ ሳንቲም ምን ይገኛል የሚል ካለ አንድ ምሳሌ ልስጠው። በ2008 እንግሊዝ የሳንቲሞቿን ንድፍ ቀየረች። ቀድሞ በ20 ፔንስ ጀርባ ላይ የነበረው ዓመት ወደ ንግሥቲቱ ፊት በኩል ተዛወረ። ማምረቻው ውስጥ ግን አዲሱ የጀርባ ማኅተም ከአሮጌው የፊት ማኅተም ጋር ተገጠመ። አዲሱ ጀርባ ዓመት የለውም፤ አሮጌው ፊትም የለውም። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመተ ቢስ ሳንቲሞች ወጥተው ከሰው እጅ ገቡ። ስንቱ ሰው ይሆን ሳያይ የከፈለባቸው? ያገኟቸው ሰዎች ሀብታሞች ወይም ሊቃውንት አልነበሩም፤ መልሳቸውን ሲቀበሉ የሚያገላብጡ ሰዎች ነበሩ።

ምን ዓይነት ስብስብ ልያዝ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ቃል አላባክንም። አንድ አገር በየዓመቱ፣ አንድ ዓይነት ሳንቲም ከሁሉም ማምረቻ፣ መርከብ ወይም እንስሳ ያለበት ሳንቲም፣ ሁሉም ያስኬዳል። የማያስኬደው "ያገኘሁትን ሁሉ" የሚለው ብቻ ነው። ያገኙትን ሁሉ የሚሰበስቡ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ቆርቆሮ ሙሉ ብረት ይዘው ስለ አንዱም መናገር ሲያቅታቸው አይቻለሁ። ለልጆች የሁለት ዩሮ ሳንቲሞች ጥሩ መጀመሪያ ናቸው፤ አንዱ ፊት የጋራ ነው፣ ሌላው የየአገሩ ነው፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍም ከአገር አገር ይለያያል፤ ጀርመን ጠርዙ ላይ "አንድነትና ፍትሕና ነፃነት" ብላ ጽፋለች።

የእኔ ልብ የሚያደላው ዜና ወደሚናገሩ ሳንቲሞች ነው። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ከገዢው ቤት ወጥቶ በሕዝቡ ሁሉ እጅ የሚደርስ ነገር ቢኖር ሳንቲም ነበር። ዩልየስ ቄሣርን ከገደሉት አንዱ ብሩተስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት ግድም ባስመታው ሳንቲም ላይ ሁለት ጩቤዎችና በመሐላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋውን ቆብ አስቀረጸ፤ ከሥራቸውም ግድያው የተፈጸመበትን ቀን አስጻፈ። የአክሱሙ ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃና ክብ አንሥቶ መስቀል ተካበት። አዋጁን ያልሰማ ነጋዴ ሳንቲሙን ሲቀበል ሰማ ማለት ነው። እነዚህን ሳንቲሞች ግዙ እያልኳችሁ አይደለም፤ ሙዚየም ውስጥ ስታገኟቸው እንደ ዜና እንድታነቧቸው ነው።

አሁን ኑዛዜዬን ላቅርብ።

ይህን የሚዞረውን ጠገራ የገዛሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ስገዛው ሰማያዊ ያረፈበት ግራጫ ነበር፤ ከንስሩ ክንፍ ሥር ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ደግሞ እንደ ማር ይሆናል። እኔ ያ ሁሉ ቀለም ቆሻሻ መሰለኝ። የጥርስ ሳሙናና አሮጌ ብሩሽ ይዤ ማታውን ስፈትገው አመሸሁ። ሲነጋ እንደ መስተዋት ያበራል። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ከእኔ በዕድሜ በጣም ለሚበልጡ አንድ ሰብሳቢ አሳየኋቸው። እሳቸውም በጠርዙ ተቀብለው ከመብራት ሥር አዘነበሉት፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። "ልጄ፣ ይህን ማን አረደው?" አሉ።

ሥራዬን በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ እንደ ታረሰ መሬት አንዱ ከአንዱ የተደራረበ ጭረት ሞልቷል። ከዚያም ከመሳቢያቸው ያልተነካ ጠገራ አውጥተው እዚያው መብራት ሥር ቀስ እያደረጉ አሽከረከሩት። ብርሃኑ በሳንቲሙ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ዞረ። ያን ቀን ያየሁትን ብርሃን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሐል ወደ ዳር ሲፈስ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ መስመሮች ጥሎ ያልፋል፤ የሚዞረው ብርሃን ከእነዚያ መስመሮች ላይ የሚንጸባረቅ ነው። ከማኅተሙ የወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብሩሽ ከወሰዳቸው የሚመልሳቸው ጥበብ የለም። እኔ ቆሻሻ ያልኩት ቀለም ደግሞ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ቀስ በቀስ ተዋሕዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነበር፤ ዓመታት ፈጅቶ የመጣውን በአንድ ማታ አጠብኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ሳንቲሙ ዛሬ የሚያወጣው በሚዛን የብሩን ዋጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ አትጠቡ። በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በሶዳ፣ በአመድ፣ በብር ማጽጃ፣ "ለሳንቲም ብቻ የተዘጋጀ" ተብሎ በሚሸጠውም ቢሆን። አፈር የያዘ ሳንቲም በተጣራ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቆይቶ ሳይታሽ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ሊደርቅ ይችላል። ከፕላስቲክ የተረፈ አረንጓዴ ዝልግልግ ካለበት አሴቶን የሚባለው ንጹሕ ፈሳሽ ያለቅቀዋል፤ መስኮት ተከፍቶና ከእሳት ርቆ ይሁን። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሳንቲም ካጋጠማችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት፤ ወይም እንዳለ ተዉት። መተው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

ሰብሳቢዎች የሳንቲምን ይዞታ የሚለኩበት መለኪያ አላቸው፤ ከ1 እስከ 70 ይቆጥራል። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 ለአሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፤ በኋላ ለሁሉም ሆነ። 60ና ከዚያ በላይ ያለው ሰው እጅ ገብቶ ያልተገበያየበት ነው። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሳንቲም መርምረው ደረጃ ሰጥተው በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽጉ ድርጅቶች ተቋቁመው ገበያውን ቀየሩት። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ጀማሪ በ64 እና በ65 መካከል ስላለው ልዩነት እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ከፍ ብሎ የሚታየው ቦታ፣ የንግሥቲቱ ጉንጭና ፀጉር፣ የንስሩ ደረት፣ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ መሆኑን ካወቀ ለጊዜው ይበቃዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አምስት ወይም አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ ስፋት መለኪያ ካሊፐር፣ ማግኔት፣ አንድ መብራትና ደብተር። ከእነዚህ በፊት ግን የምትሰበስቡትን ሳንቲም የሚመለከት ካታሎግ ይገዛ። ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ብረቱንና ስንት እንደተመታ ሳያውቅ ሚዛን የያዘ ሰው ምን ሊመዝን ነው?

ማግኔት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1943 አሜሪካ መዳብ ለጦርነቱ ስላስፈለጋት የዶላር መቶኛ የሆነውን ሳንቲሟን በዚንክ ከተለበጠ አረብ ብረት መታች። ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የነሐስ ክቦች ግን መኪናው ውስጥ ቀርተው ኖሮ በ1943 ማኅተም ተመቱ። እነዚህ ዛሬ እጅግ ውድ ናቸው። አስመሳዩ ታዲያ ተራውን የ1943 ብረት ወስዶ መዳብ ይቀባዋል። ማግኔት ስታስጠጉ ዘሎ ይለጠፋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሌላው አስመሳይ ግን ብልጥ ነው፤ የ1948 የነሐስ ሳንቲም ወስዶ የ8ን ግራ ጎን ፍቆ 3 ያደርገዋል። ማግኔት አይዘውም፤ ክብደቱም ልክ 3.11 ግራም ነው። እዚህ ላይ ነው አጉሊ መነጽሩ ተራውን የሚወስደው፤ የተፋቀው ቦታ ከአካባቢው ወለል ጋር አይመሳሰልም።

ለብር ሳንቲም ደግሞ ማንም ቤቱ የሚሠራው ሙከራ አለ። ኩባያ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ የኩባያውን ታችና ጎን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። ጠገራው ወደ 2.75 ግራም ያሳያል። 28.07ን ለ2.75 ስታካፍሉ 10.2 ይመጣል፤ አምስት እጅ ብርና አንድ እጅ መዳብ ሲቀላቀሉ የሚሰጡት እፍጋት ይኸው ነው። 8.9 ከመጣባችሁ የያዛችሁት የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ሊሆን ይችላል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜድስ ካወቀው የተለየ ነገር የለውም። ለወርቅ ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የወርቅ እፍጋት 19.3 ነው፣ ተንግስተን የሚባለው ርካሽ ብረት ደግሞ 19.25 ነውና በወርቅ ተለብጦ ሲመጣ ውሃውን ያታልለዋል።

አቀማመጡን በአጭሩ ልናገር። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጊዜ ሲሄድ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣል። ብርቱ ጠላት እሱ ነው። ተራ ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ የጎማ ክርና የባሉጥ ሣጥን ይራቁ፤ ጋዜጣና ጎማ ድኝ አላቸው፣ የባሉጥ እንጨት አሲድ ይተነፍሳል። ደረቅ ቦታ፣ ማይላር የሚባለው ስስ ፕላስቲክ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ ይበቃል።

ከመያዣው የሚበልጠው ግን አብራው የምትቀመጠው ወረቀት ናት። መቼ አገኘሁት፣ ከማን፣ በስንት፣ ያኔ ምን ይመዝን ነበር። ይህን ያልጻፍኩባቸው ሰላሳ የሚሆኑ ሳንቲሞች አሉኝ። አንዱ የስጦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን ጠፍቶብኛል። ሳንቲሙን ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኛል። ወረቀቷ ሌላም ጥቅም አላት። ከመሬት የወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞች በብዙ አገሮች ሕግ ቅርስ ናቸው፤ ስለ ባህል ንብረት ሕገ ወጥ ዝውውር የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ከ1970 ጀምሮ አለ። ከየት እንደመጣ ሊነግራችሁ የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳንቲሙን መልሳችሁ መሄድ ነው። ጀማሪ ጥንታዊውን ትቶ በዘመናዊው ቢጀምር ምንም አይቀርበትም።

ስለ ገንዘቡ መጠየቃችሁ አይቀርም። በ1933 አሜሪካ 445,500 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች መታች፤ የወርቅ ገንዘብ ከገበያ እንዲወጣ ታዝዞ ስለነበር ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ቀለጡ። በ2021 አንዷ በጨረታ ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ይህ ዜና ለጀማሪዎች ያደረገው ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል እላለሁ። ከዚያ በኋላ አሮጌ ሳንቲም ይዞ "ስንት ያወጣል?" የሚለኝ ሰው በዛ። አሮጌነት ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ከሮም ዘመን የተረፉ የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬም በጣም በርካሽ ይገኛሉ፣ ብዛታቸው ነው ያረከሳቸው። ነጋዴ የሚሸጥላችሁ ዋጋና ከእናንተ የሚገዛበት ዋጋም አንድ አይደለም፤ በመሐሉ ያለው የእሱ እንጀራ ነው፣ ተገቢም ነው። ለትርፍ ብላችሁ የምትገቡ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጉ። መጽናኛ ልስጣችሁ፤ ያ ያረድኩት ጠገራ ከሁሉም ሳንቲሞቼ ብዙ ሰው ያየው፣ ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። አልሸጠውም።

አሁን የት ደረሰ? እዚያ ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እጅ ላይ አለ። በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዙራ እያነበበች ነው። ጎረቤቷ እጁን ዘርግቶላታል፤ አልሰጠችውም። ተዉአት፣ ፊደሎቹ ብዙ ናቸው፤ ዞራ እስክትጨርስ ድረስ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።